በገጻችን ውስጥ የሚሠራ የሌላ ሰው ኮድ

ምን ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ፣ የለመዱትን ድረ ገጽ በስልካቸው የከፈቱ ሰዎች ሳያስቡት ወደ ስፖርት ውርርድ ገጽ ይወሰዱ ነበር። የድረ ገጾቹ ባለቤቶች የነኩት ነገር የለም። አንድ የሚያመሳስላቸው መስመር ግን ነበራቸው፤ ሁሉም ፖሊፊል ዶት አይኦ ከተባለ አድራሻ ስክሪፕት፣ ማለትም ገጹ ውስጥ የሚሠራ ኮድ፣ ያስመጡ ነበር።

አገልግሎቱ ጠቃሚ ነበር። ያረጁ ብራውዘሮች የማያውቁትን አዲስ የጃቫስክሪፕት ተግባር ይሞላላቸው ነበር። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር አድራሻውን ፈናል የተባለ የቻይና ኩባንያ ገዛው። የፕሮጀክቱ ፈጣሪ አንድሩ ቤትስ ወዲያው «አውጡት» ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። በጁን ወር ሳንሴክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ጉዳዩን ሲያወጣ ስክሪፕቱን የሚጠቀሙት ድረ ገጾች ከ100,000 በላይ ነበሩ።

በስክሪፕቱ ውስጥ የገባው ኮድ ተንኮለኛ ነበር። የሚመርጠው የተወሰኑ ስልኮችን፣ ያውም በተወሰነ ሰዓት ነው። የድረ ገጹ አስተዳዳሪ መግባቱን ካወቀ ጭራሽ ድምፁን ያጠፋል። ስለዚህ አቤቱታ ሰምቶ ገጹን የሚፈትሽ ባለሙያ «እኔ ጋ ደኅና ነው» ቢል አይፈረድበትም። ቀጣዩን ኮድ የሚያመጣበት አድራሻም የጉግል አናሊቲክስን ስም የሚመስል ነበር፤ በ«ኤል» ፊደል ቦታ «አይ» ተተክቶበታል።

ብራውዘሩ ለምን ዝም ይላል?

ብራውዘር ስክሪፕቱን ከየትም ያምጣው፣ ገጹ ላይ ከገባ በኋላ የገጹን ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል። የይለፍ ቃል ስትጽፉ ሊያነብ፣ የካርድ ቁጥር ሊወስድ፣ ገጹን ሊቀይር ይችላል። በአንዳንድ ብራውዘሮች አድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክት መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳልተጠለፈ እንጂ የላኪውን ታማኝነት አትናገርም።

የፋይል አሻራ

እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መደበኛ የሆነ መከላከያ አለ። ስክሪፕቱን በሚጠራው መስመር ላይ የፋይሉን አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የተሰላ ረጅም ኮድ፣ ትጽፋላችሁ። ከፋይሉ አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው አይገጥምም፤ ብራውዘሩም አያስኬደውም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 የድረ ገጽ ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነበው የብራውዝአላውድ ስክሪፕት ተጠልፎ ከ4,000 በላይ ድረ ገጾች የጎብኚውን ኮምፒውተር ለሌላ ሰው ክሪፕቶ ማውጫ አደረጉት። ከእነዚህ አንዱ የብሪታንያ የግል መረጃ ጥበቃ ቢሮ ራሱ ነበር። አሻራ ቢኖር ኖሮ የተለወጠው ፋይል አይሠራም ነበር።

ፖሊፊል ላይ ግን አሻራ አይሠራም ነበር። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ብራውዘር የተለያየ ኮድ ይልክ ስለነበር ቋሚ አሻራ አልነበረውም። በእኔ እምነት አሻራ የማይወጣለት ስክሪፕት ክፍያ የሚፈጸምበት ገጽ ላይ ቦታ የለውም።

ሌላው መከላከያ ስክሪፕት ከየት ከየት ብቻ እንደሚመጣ ለብራውዘሩ ዝርዝር መስጠት ነው። ዝርዝሩ ላይ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ፖሊፊልን አያስቆምም፤ ከሐሰተኛው የጉግል አድራሻ የሚመጣውን ቀጣይ ኮድ ግን ያግዳል።

እናንተስ?

ተጠቃሚ ከሆናችሁ ብራውዘራችሁን አዘምኑ፤ እንደ ዩብሎክ ኦሪጂን ያለ የማስታወቂያ ማገጃም ይረዳል። ያልጠራችሁት ገጽ ከመጣ ምንም ሳትሞሉ ዝጉና ለድረ ገጹ ባለቤት ንገሩ።

የድረ ገጽ ባለቤት ከሆናችሁ ከሌላ ቦታ የምታስመጡትን የሚያስፈልጋችሁን ስክሪፕት ወደ ራሳችሁ ሰርቨር ገልብጡት። የፖሊፊልን አድራሻ የመዘገበው ኔምቺፕ በጁን 2024 መጨረሻ አግዶታል፤ ነገር ግን መስመሩን ከገጻችሁ የሚያጠፋላችሁ ማንም የለም። ዛሬውኑ የገጻችሁን ኮድ ክፈቱና «ፖሊፊል ዶት አይኦ» (polyfill.io) የሚለውን አድራሻ ፈልጉ፤ ካገኛችሁት ሰርዙት። የዛሬዎቹ ብራውዘሮች አያስፈልጋቸውም።