የጉድለት ሪፖርት አጻጻፍና የነፃ ሶፍትዌር ዋጋ

የፕሮግራም ምንጩ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚጠቀም ድርጅት ከፈቃድ ክፍያ ይድናል። ሶፍትዌሩ ሥራ ሲያቆም ግን፣ የድጋፍ ውል ካልገዛ በስተቀር፣ የሚከሰው ሻጭ የለውም። በእጁ ያለው ዋነኛ መሣሪያ በሚገባ የተዘጋጀ የጉድለት ሪፖርት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሞዚላ ነው። ኔትስኬፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የኢንተርኔት መቃኛውን የፕሮግራም ምንጭ ለሕዝብ ሲለቅ፣ ቴሪ ዋይስማን የተባለ ባለሙያ «ባግዚላ» የተሰኘውን የጉድለት መዝገብ አዘጋጀ። ቀድሞ በኩባንያው ውስጥ ብቻ ይካሄድ የነበረው ምዝገባ ለማንኛውም ተጠቃሚ ክፍት ሆነ።

በባግዚላ የተለመደው አሠራር አንድን ሪፖርት በአምስት ደረጃዎች ያሳልፋል። እነዚህም ያልተረጋገጠ፣ አዲስ፣ ለባለሙያ የተመደበ፣ ውሳኔ ያገኘ እና ውሳኔው የተረጋገጠ ናቸው። ውሳኔ አገኘ ማለት ግን ተጠገነ ማለት አይደለም። «ቀድሞ ተመዝግቧል»፣ «ጉድለት አይደለም»፣ «አይስተካከልም» ወይም «እኛ ስንሞክረው ይሠራል» ተብሎም ሊዘጋ ይችላል።

መጨናነቁ የሚፈጠረው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ሪፖርት አቅራቢው ብዙ፣ አጣሪው ግን ጥቂት ነው። «መኪናው እምቢ አለ» ብሎ ቁልፉን ለጋራዥ ሰጥቶ የሚሄድ ደንበኛና «ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይንቀጠቀጣል» የሚል ደንበኛ እኩል አገልግሎት አያገኙም። በሶፍትዌርም እንዲሁ ነው።

ስለሆነም ሪፖርት አቅራቢው አስቀድሞ መዝገቡን ይፈትሽ፤ በአንድ ሪፖርት አንድ ጉድለት ብቻ ያቅርብ። የሶፍትዌሩን የእትም ቁጥር፣ ጉድለቱ የሚከሰትበትን ቅደም ተከተል፣ የተጠበቀውንና የተገኘውን ውጤት ለይቶ ይጻፍ። አጣሪው በበኩሉ የጉዳቱን ክብደትና የሥራውን ተራ ለየብቻ ሊመዝን ይገባል። ሁሉም «አስቸኳይ» ከተባለ አስቸኳይ የሚባል ነገር አይኖርም። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2019 ሪፖርቶችን ወደሚመለከተው ክፍል የሚደለድል፣ ከቀድሞ መዛግብት የተማረ ፕሮግራም ሥራ ላይ ማዋሉም የአጣሪዎችን ጫና ለማቃለል ነው።

ለሌባ በር የሚከፍት ጉድለት ግን ለሁሉም በሚታይ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ጥገናው እስኪደርስ ድረስ በምሥጢር መያዝ አለበት። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲህ ዓይነቱን ከባድ ጉድለት አግኝቶ ለሚጠቁም ሰው 500 ዶላር መክፈል ጀመረ። በ2010 ክፍያውን ወደ 3,000 ዶላር አሳደገው። መረጃው ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሂሳቡን ወይም የዕቃ ክምችቱን በነፃ ሶፍትዌር የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱን ሪፖርት አጻጻፍ ቢያሠለጥን፣ ሥራ በቆመ ቁጥር ከሚደርስበት ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው።