አፍሪካዊው የውኃ ፈርን በወልቂጤና በቡታጅራ፦ ስለ አኳሪየም ተክል አመራረጥ፣ አያያዝና አወጋገድ

ስለ አኳሪየም ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ዓሣው ነው፤ ተክሉ የሚታወሰው ዘግይቶ ነው፣ ብዙ ጊዜም በፕላስቲክ አምሳያ ይተካል። ሕይወት ያለው የውኃ ውስጥ ተክል ግን ከጌጥነት ያለፈ ሥራ አለው። ከዓሣው ጽዳጅ የሚመነጨውን አሞኒየምና ናይትሬት ይመገባል፣ በብርሃን ጊዜ ኦክስጅን ይለቃል፣ ለትናንሽ ዓሦችም መሸሸጊያ ይሆናል። ስለ እነዚህ ተክሎች የተጻፉት መመሪያዎች አብዛኛዎቹ በባሕር ወለል አጠገብ ለሚገኙ፣ የቧንቧ ውኃና የኤሌክትሪክ ኃይል ለማይቋረጥባቸው ከተሞች የታሰቡ ናቸው። ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ለምትገኘው ወልቂጤና ከ2,100 ሜትር በላይ ለሆነችው ቡታጅራ መመሪያዎቹን እንዳሉ መቅዳት አያዋጣም። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ከተሞች ሁኔታ ቅጠለ ላባ የሆነው አፍሪካዊ የውኃ ፈርን፣ ቦልቢቲስ ሄውደሎቲ፣ ተመራጭ መሆኑን ያስረዳል። ተመራጭ የሚያደርገውም ብዙ አሳዳጊዎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት ዝግታው ነው።

ተክሉና አኗኗሩ

ቦልቢቲስ ሄውደሎቲ የተፈጥሮ ስርጭቱ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ሰሜናዊ ደቡብ አፍሪካ የሚደርስ የፈርን ዝርያ ነው። የዝርያ ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሴኔጋምቢያ ዕፀዋት ይሰበስብ ከነበረው ፈረንሳዊ ከኧድሎ የተወሰደ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ጥላ ባላቸው የደን ጅረቶች ዳር ነው፤ ድንጋይና የወደቀ ግንድ ላይ ተጣብቆ፣ ውኃው ሲሞላ እየሰጠመ፣ ሲጎድል እየተገለጠ ይኖራል። ሰጥሞ ሲያድግ ቅጠሉ ጥልቅ አረንጓዴ፣ ብርሃን የሚያሳልፍና በሁለት ወገን የተሰነጣጠቀ ይሆናል። ስፖር የሚይዙ ቅጠሎች የሚያወጣው ከውኃ በላይ ሲያድግ ነው። ስለዚህ በአኳሪየም ውስጥ የሚራባው በስፖር ሳይሆን ግንዱን በመክፈል ነው።

ግንዱ እንደ ዝንጅብል በአግድም የሚሄድ ሲሆን፣ ጀማሪ አሳዳጊ በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በጉራጌ ምድር ያደገ ሰው ስለ ተክል ሲያስብ እንሰትን ማስታወሱ አይቀርም፤ የእንሰት ችግኝ የሚገኘው አሚቾውን አፈር ውስጥ በመቅበር ነው። ይህን ፈርን በዚያው ልማድ አሸዋ ውስጥ የቀበረ ሰው ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠቁሮ የበሰበሰ ግንድ ያገኛል። የሚተከለው በማሰር ነው። ሦስትና አራት ቅጠል ያለው የግንድ ቁራጭ ሥሩ ወደ ታች ሆኖ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና በጥጥ ክር ይታሰራል። ከእንሰት የሚገኘው ቃጫም ታጥቦ ለዚሁ አገልግሎት ሊውል ይችላል፤ በጊዜ ብዛት ቢበሰብስም እስከዚያ ሥሩ ድንጋዩን ሊይዝ ይችላል።

ለማሰሪያ የሚሆን ድንጋይ ለቡታጅራ ነዋሪ ችግር አይደለም። ከተማዋ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ሐረ ሼጣን የተባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በሚገኝበት አካባቢ ነው። ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለፈርኑ ሥር ጥሩ መያዣ ይሆናል። ጥንቃቄ የሚያሻው ኖራማ ድንጋይ እንዳይሆን ነው፤ አቼቶ ጠብ ሲደረግበት አረፋ የሚያወጣ ድንጋይ የውኃውን ጥንካሬ ስለሚጨምር መተው አለበት። ፈርኑ የሚስማማው ለስላሳ፣ ገለልተኛ ወይም ጥቂት አሲዳማ ውኃ ነው።

ከፍታና ውኃ

በ1,900 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 79 በመቶ ያህል፣ በ2,130 ሜትር ደግሞ 77 በመቶ ያህል ነው። በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ውኃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በባሕር ወለል ላይ 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር የሚደርሰው የኦክስጅን ሙሌት በወልቂጤ 7.2፣ በቡታጅራ 7.0 ገደማ ይሆናል። ከአየር ጋር የተመጣጠነ ውኃ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከ0.7 ወደ 0.55 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ይወርዳል። የመጀመሪያው ስሌት ዓሣውን፣ ሁለተኛው ተክሉን ይመለከታል።

ፈጣን ተክል ብዙ ካርቦንና ጠንካራ ብርሃን ይሻል። ካርቦኑ ሲያንስ ብርሃኑ ብቻ ሲበዛ የሚጠቀመው አልጌ ነው። ቦልቢቲስ ግን በጥላ የለመደ ስለሆነ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት በሚበራ መጠነኛ የኤልኢዲ መብራት ይረካል። መስታወቱን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ማድረግ የመብራት ወጪ የሚቀንስ ቢመስልም ዝግተኛ ቅጠሎችን ለጥቁር አልጌ አሳልፎ መስጠት ነው። ተጨማሪ ካርቦን የሚፈልግ አሳዳጊ ስኳርና እርሾ በጠርሙስ አብላልቶ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ማስገባት ይችላል፤ ጠላ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ያው ነው። ነገር ግን ጠርሙሱ ሌሊት መብራቱ ጠፍቶም መሥራቱን ስለማያቆምና ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ አነስተኛ ስለሆነ፣ ዓሣ በበዛበት መስታወት አይመከርም። ፈርኑ የሚወደውን የውኃ እንቅስቃሴ በተመለከተም የፓምፑ አፍ ከውኃው ገጽ ዝቅ ቢል ጅረቱ ቅጠሉን ያገኛል፣ ያለው ካርቦንም ተናውጦ አያልቅም።

ሙቀትም ያሳስባል። ተክሉ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከ20 በታች እድገቱ ይዘገያል። በወይና ደጋ ቤት ውስጥ ማሞቂያ የሌለው መስታወት ሌሊት ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላል። ለ60 ሊትር መስታወት ባለ 50 ዋት ማሞቂያ በቂ ነው። ኃይል ሲቋረጥ መስታወቱን በጋቢ መሸፈን ሙቀቱን ለማቆየት ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ውኃው ራሱ ነው። የወልቂጤ የመጠጥ ውኃ እጥረት ለዓመታት የዘለቀና በአደባባይ የታወቀ ነው። ጀሪካን ይዘው ለሚሰለፉ ጎረቤቶች መካከል የጌጥ መስታወት መያዝ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄውን አቃሎ ማለፍም አይገባም። ስሌቱን ማስቀመጥ ግን ይቻላል። ባለ 60 ሊትር መስታወት ድንጋዩ ቦታ ይዞ 50 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። የተለመደው መመሪያ በየሳምንቱ 20 በመቶ እንዲቀየር ሲያዝ በአራት ሳምንት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ጥቂት ትናንሽ ዓሦች ባሉበትና ምግብ በሚቆጠብበት መስታወት በየሁለት ሳምንቱ 10 በመቶ መቀየር የሚበቃ ሲሆን፣ ይህም በአራት ሳምንት ግማሽ ጀሪካን ነው። የሚወጣው ውኃ ናይትሬት ስላለው በጨርቅ ተጣርቶ ለጓሮ ጎመን ይሆናል። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውኃም ለስላሳ ስለሆነ ለፈርኑ ይስማማል፤ የመጀመሪያው አጠባ ተደፍቶ፣ ከቧንቧ ውኃ ጋር ሲሶ ለሁለት ሲሶ ተቀላቅሎ ቢገባ ይመረጣል። አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ስለሚለቅ ከእርሱ መሰብሰብ አይገባም። የቧንቧው ውኃ ክሎሪን ካለው በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ማሳደር ነጻ ክሎሪኑን ይቀንሳል።

ከመስታወት ወደ ወንዝ

ወልቂጤና ቡታጅራ በካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። ለውኃ ግን መካከላቸው ያለው የጉራጌ ተራራ እውነተኛ ድንበር ነው። የወልቂጤ አካባቢ ውኃ በዋቤ ወንዝ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል፤ የቡታጅራው ወደ መቂ ወንዝና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። ስለዚህ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በባልዲ የሚሄድ የውኃ ተክል ከአንድ ተፋሰስ ወደ ሌላ ተፋሰስ የተሻገረ ተክል ነው።

ይህ ስጋት ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። እምቦጭ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በዋናነት ለአበባው ውበት በጌጥነት እየተወሰደ ነው፤ በኢትዮጵያም በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣና ሐይቅ መታየቱ ተመዝግቧል። ከፈርኖችም ወገን መነሻዋ ብራዚል የሆነችው ተንሳፋፊዋ ሳልቪኒያ ሞለስታ የካሪባን ሐይቅ ሰፊ ክፍል ሸፍና ነበር። ቦልቢቲስ አይንሳፈፍም፣ ድንጋይ ሳይዝ አይስፋፋም፣ በወር የሚያወጣው ቅጠልም ጥቂት ነው። አደጋው ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ተንሳፋፊና ፈጣን ተክሎችን ትቶ እርሱን የመምረጥ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ተክሉ ብቻውን አይጓዝም። በጅረት ተክል ቅጠል ሥር የቀንድ አውጣ እንቁላል ሊጣበቅ ይችላል፤ ባዮምፋላሪያ የተባለው የቀንድ አውጣ ወገን ደግሞ በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነው። ከጅረት የተነቀለ ፈርን በቀጥታ መስታወት ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያም እጅን እዚያው ነክሮ ማጽዳት፣ ከጌጥ በሽታ መሸመት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጣበት ውኃ ከእርሱ ጋር መግባት የለበትም። ግንዱና የቅጠሉ ጀርባ በጓንት በሚፈስ ውኃ ይታጠባል፤ ተክሉ ለብቻው ባልዲ ውስጥ ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ የሚታይ ቀንድ አውጣ በቆንጢጣ ይለቀማል። ከዱር መሰብሰቡም ሕግ አለው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሰብሰብን የፈቃድ ጉዳይ አድርጎታል። ከዚያ ይልቅ በአኳሪየም ከተባዛ ተክል ቁራጭ መውሰድ ለደኑም ለአሳዳጊውም ይሻላል፤ አንድ ጤናማ ግንድ በትዕግሥት ለሁለትና ለሦስት ሰው ይከፈላል።

አዲስ የተከፈለ ቁራጭ አሮጌ ቅጠሎቹን ሊያጠቁር ይችላል። ግንዱ ሲጫኑት ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ አልሞተም፤ ቅጠሉ ብቻ ከሥሩ ይቆረጥ። የተቆረጠው ወደ ቦይ ወይም ወደ መጸዳጃ አይጣልም፤ ከማጣሪያው ቆሻሻ ጋር ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ከጓሮ ፍግ ጋር ይቀላቀላል። ለሌላ ከተማ ሰው የሚሰጠው ቁራጭም እንደ ገና ታጥቦ፣ ያለ ነባሩ ድንጋይና ያለ ነባሩ ውኃ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይላካል፤ እንደ ደረሰም የአራት ሳምንት የባልዲ ቆይታው ከመጀመሪያው ይቆጠራል።