በነጻ የተገኘ ሁሉ ክፍት አይደለም

መብቱ የሚጀምርበት ጊዜ

በኢትዮጵያ የድርሰት፣ የሥዕል፣ የሙዚቃና የፎቶግራፍ ሥራዎች ጥበቃ የሚያገኙት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ምዝገባን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም። ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ከሆነና በወረቀት፣ በካሴት ወይም በኮምፒውተር ላይ ከሰፈረ መብቱ ወዲያውኑ ይጀምራል። ስለዚህ በሶዶ ወረዳ የቡኢ ከተማ ያለ አንድ መምህር ለክፍሉ ያዘጋጀው የልምምድ ወረቀት እንደ ታዋቂ ደራሲ ልብ ወለድ ሁሉ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከፎቶግራፍ በቀር ጥበቃው የሥራ አመንጪው (ሥራውን የፈጠረው ሰው) በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይዘልቃል።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ምንም ማስታወቂያ ያልተጻፈበት ሥራ የተፈቀደ ሥራ አይደለም። ማባዛት፣ መተርጎም፣ ማሻሻልና ለሕዝብ ማሰራጨት በመርሕ ደረጃ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ለማስተማር ሲባል ተገቢ በሆነ መጠን ማባዛትን አዋጁ ይፈቅዳል። ይህ በር ግን ጠባብ ነው፤ አንድን መጽሐፍ ሙሉውን ተርጉሞ ለወረዳው ትምህርት ቤቶች ማዳረስ በዚያ አያልፍም።

ነጻ ዋጋና ክፍት ፈቃድ

የመማሪያ መጻሕፍት ፒዲኤፍ በቴሌግራም ከተማሪ ወደ ተማሪ ይተላለፋል፤ የሚከፈልበት ነገር የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 የታተሙት የትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍት የመጀመሪያ ገጾች ሲገለጡ፣ መብቱ በሕግ የተጠበቀ መሆኑንና ያለ ባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ማባዛት እንደማይቻል አዋጅ 410ን ጠቅሶ የሚያስታውቅ አንቀጽ ይገኛል። መጽሐፉ ያለ ዋጋ ይነበባል እንጂ እንዲባዛ ወይም እንዲተረጎም የተሰጠ ፈቃድ የለም።

ክፍት ፈቃድ ይህን ክፍተት የሚሞላ ሰነድ ነው። ባለመብቱ መብቱን ሳይተው፣ ማንም ሰው ሥራውን በምን ሁኔታ ሊጠቀምበት እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቃል። ተጠቃሚው ደብዳቤ ጽፎ መልስ መጠበቅ አይኖርበትም። በስፋት የሚታወቁት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ናቸው፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሥርቶ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች በ2002 አወጣ። ፈቃዶቹ የሚገነቡት ከአራት ሁኔታዎች ነው፤ እነርሱም የሥራ አመንጪውን ስም መጥቀስ፣ ለንግድ አለማዋል፣ ሥራውን አለመለወጥ፣ ከሥራው ተነሥቶ የተዘጋጀውን አዲስ ሥራ ደግሞ በዚያው ፈቃድ ማጋራት ናቸው። አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ አይሻርም፤ ሁኔታዎቹን ያከበረ ተጠቃሚ ባለመብቱ ሐሳቡን ቢለውጥም መጠቀሙን ሊቀጥል ይችላል።

ለሶዶ ወረዳ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የጢያ ትክል ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ 36 ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። በድንጋዮቹ ላይ ማንም የቅጅ መብት የለውም፤ ፎቶግራፋቸው ግን የአንሺው ሥራ ነው። ዊኪሚዲያ ኮመንስ (ክፍት ፈቃድ ያላቸው ምስሎች የሚከማቹበት ድረ ገጽ) ላይ ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የአንሺው ስምና የፈቃዱ ዓይነት ይገለጻል። ምስሉን በክፍል መርጃ ላይ የሚያወጣ መምህር ፈቃዱ ስም መጥቀስን የሚጠይቅ ከሆነ ሁለቱንም ከምስሉ ሥር ማስፈር አለበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሞጁሎች

ክፍት ፈቃድ በኢትዮጵያ የሠራበት ጉልህ አጋጣሚ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሥልጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው ተመድበዋል። እነዚህን ባለሙያዎች ከሥራቸው ሳይነሡ በትምህርት ደረጃ ለማሳደግ፣ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር በመሆን 13 የርቀት ትምህርት ሞጁሎችን አዘጋጀ። ከርእሰ ጉዳዮቹ መካከል የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ ሥርዓተ ምግብና የአካባቢ ንጽሕና ይገኙበታል። በጽሑፉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተሳትፈዋል።

ሞጁሎቹ የወጡት ስም መጥቀስን፣ ለንግድ አለማዋልንና በዚያው ፈቃድ ማጋራትን በሚጠይቅ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። የዚህ ፈቃድ ፋይዳ በተግባር ሲታይ ከፍተኛ ነው። ሞጁሎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ በሶዶ ግን ነፍሰ ጡር እናት የምትመከረው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ በክስታኒኛ ነው። ስለ ወሊድ የሚናገረውን ምዕራፍ ወደ ክስታኒኛ የሚመልስ የቡኢ ባለሙያ የማንንም ይሁንታ መለመን አያስፈልገውም። አዘጋጆቹን ይጠቅሳል፣ ጽሑፉ ላይ ለውጥ መደረጉን ያመለክታል፣ ትርጉሙንም በተመሳሳይ ፈቃድ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የቡታጅራ ባልደረባው ስሕተቱን አርሞ ሊያሰፋው ይችላል።

ለንግድ አለማዋል የሚለው ሁኔታ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በገጽ የሚያስከፍለው ገንዘብ ንግድ አይደለምን? በአሜሪካ ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቶ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውሳኔ ሰጥቷል። ጉዳዩ ፌዴክስ የተባለው ኩባንያ ለትምህርት ቤቶች በክፍያ ያባዛው መማሪያ ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዳለው፣ ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት ቅጂውን በሌላ እጅ ማስባዛቱ ፈቃዱን አይጥስም፤ አባዢው የሚሠራው ለትምህርት ቤቱ ነውና። ውሳኔው ኢትዮጵያን አያስገድድም፤ አመክንዮው ግን አሳማኝ ነው።

በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጁ ሥራዎች

ከመንግሥት ሰነዶች መካከል አዋጆች፣ ደንቦችና ሌሎች የሕግ ወይም የአስተዳደር ይዘት ያላቸው ይፋዊ ጽሑፎች፣ ከይፋዊ ትርጉሞቻቸው ጋር፣ ከቅጅ መብት ውጭ ናቸው። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣ አዋጅ በማንም ሊታተም ይችላል። ምክንያቱም ዜጋ ሊታዘዘው የሚገባው ሕግ ባለቤት ሊኖረው አይችልም። የመንግሥት መማሪያ መጻሕፍት ግን በዚህ ውስጥ አይካተቱም።

በምርምር በኩል ለውጥ አለ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች ለሁሉም በሚከፈት ብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ይጠይቃል። ፖሊሲው እንደ ወልቂጤ ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከት ነው። ሕዝብ የከፈለበትን ሕዝብ ያግኘው የሚለው ምክንያት ለምርምር ከሠራ፣ በየገጠሩ ሕፃናት ለሚማሩበት መጽሐፍ ደግሞ የበለጠ ሊሠራ ይገባዋል።

ፈቃድ ሰጪው

ፈቃድ መስጠት የሚችለው ባለመብቱ ብቻ ነው። አንድ ሠራተኛ በቅጥር ሥራው ላይ ያዘጋጀው ጽሑፍ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ መምህራን በሥራ ግዴታቸው ያዘጋጁት መርጃ ክፍት እንዲሆን ከተፈለገ ስምምነቱ ከአሠሪው መገኘት አለበት። መምህሩ በግሉ፣ ከሥራው ውጭ የጻፈው ግን የራሱ ነው። በሽፋኑ ላይ ስሙን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የፈቃዱን ሙሉ መጠሪያና የፈቃዱ ጽሑፍ የሚገኝበትን አድራሻ ማስፈር ይበቃል፤ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ምዝገባም ሆነ ክፍያ አይጠይቅም።