የአያቴ የጢም ብሩሽ

አሮጌ ዕቃ ሁሉ የሚጣል አይደለም፤ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ደግሞ ሳይመረመር በሰውነት ላይ የሚውል አይደለም። ይህን ሁለት ነገር ያስተማረኝ አንድ የጢም ብሩሽ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በአጭሩ ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

አያቴ በወጣትነታቸው ከገረሴ ወደ አዲስ አበባ ሄደው፥ በሽሮ ሜዳ በሽመና ሥራ ብዙ ዘመን ኖረዋል። በ1958 ዓ.ም. ከመርካቶ አንድ ያገለገለ ባለ እንጨት እጀታ የጢም ብሩሽ ገዙ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱም ይዘውት መጡ። ዛሬ ዐይናቸው ስለ ደከመ ጢማቸውን የምላጭላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት መስቀል ሲቃረብ፥ «ልጄ፥ ያንን ብሩሼን ፈልገህ አምጣ፤ ለመስቀል በእርሱ ላጨኝ» አሉኝ። ከሣጥን ሥር አገኘሁት፤ እጀታው ጠቍሯል፥ ጠጕሩም ግማሹ ረግፏል።

ብሩሽ ምን ያደርጋል? የጢም ጠጕር ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ሞቅ ያለ ውሃ ሲጠጣ ግን አብጦ ይለሰልሳል፥ ምላጭም በቀላሉ ይቈርጠዋል። ብሩሹ ውሃውን በጠጕሮቹ መካከል ይይዛል፤ ከሳሙና ጋር ሲታሽ አየር እያስገባ ወፍራም አረፋ ይሠራል፤ የተኛውንም ጢም ያቆማል። ለዚህ ሥራ ከጥንት የታወቁት ባጀር የሚባለው የዱር አውሬ ጠጕር፥ የአሳማ ጠጕርና የፈረስ ጠጕር ናቸው። የባጀር ጠጕር ውሃ በመያዝ የተመሰገነ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። የአሳማው ጠንከር ያለ ሲሆን፥ በአገልግሎት ብዛት ጫፉ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጠጕር ያለው በብዛት ይገኛል።

እኔም ብሩሹን ለማደስ አስቤ፥ ከእናቴ የእንሰት ቃጫ ለምኜ በጐደለው ቦታ አስገባሁ። በራሴ ጉንጭ ላይ ስሞክረው ግን ቈዳዬን ቧጠጠኝ፤ አረፋም አልያዘም። ቃጫ ለገመድ እንጂ ለጉንጭ እንዳልተፈጠረ ተረዳሁ።

በማግሥቱ ብሩሹን ለባዮሎጂ መምህራችን አሳየኋቸው። እርሳቸውም «የየትኛው እንስሳ ጠጕር ነው? ከየት አገር መጣ?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ ስለ አባ ሰንጋ ነገሩኝ።

አባ ሰንጋን በአገራችን ከብት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አምጪው ተሐዋሲ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በአፈርና በጠጕር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቈያል፤ ይህን የተሐዋሲውን ጠባይ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ በ1876 እ.ኤ.አ. አስረድቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የንግድ መንገድ ስለ ተዘጋ የባጀር ጠጕር ጠፋ፤ በእርሱም ፈንታ ከእስያ የመጣ፥ በሚገባ ያልጸዳ የፈረስ ጠጕር ለብሩሽ ዋለ። በዚህ ምክንያት በእንግሊዝና በአሜሪካ ከመቶ በላይ ሰዎች፥ ብዙዎቹም ወታደሮች፥ በአባ ሰንጋ ተያዙ፤ የሞቱም አሉ። የእንግሊዝ መንግሥትም በ1920 እ.ኤ.አ. ከጃፓን የሚመጣ የጢም ብሩሽ እንዳይገባ ከለከለ።

መምህሩ «አደጋው ዛሬ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ሆኖም መካከሉ የሚጠቍር፥ የማያምም ቍስል ካየህ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ» አሉኝ። እኔም የተቧጠጠ ጉንጬን ጧትና ማታ በመስተዋት እየተመለከትሁ ሁለት ሳምንት በሥጋት ሰነበትሁ። ለአያቴ ፊት ላደርገው የነበረ መሆኑን ባሰብሁ ቍጥር ይበልጥ እደነግጥ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ምንም አልሆንሁም።

ከዚህ በኋላ በመምህሩ ምክር ብሩሹን እንደሚከተለው አደስነው። አንደኛ፥ ጠጕሩ እንዳይበን በሳሙና ውሃ አርሰን፥ ጓንት አጥልቀን አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነቀልነው፤ በእሳትም አቃጠልነው። ሁለተኛ፥ እጀታውን ግማሽ ሰዓት በፈላ ውሃ ቀቅለን በጥላ አደረቅነው። ሦስተኛ፥ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን የተልባ ዘይት ቀባነው። አራተኛ፥ ከአርባ ምንጭ የተገዛውን ርካሽ ብሩሽ ሰው ሠራሽ ጠጕር አውጥተን፥ ውሃ በማያስለቅቀው ማጣበቂያ በአሮጌው እጀታ ተከልነው።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ብሩሹን በሞቀ ውሃ ነክሮ ጥቂት መጭመቅ፥ በሳሙናው ላይ ማሽከርከር፥ ከዚያም ፊትን በክብ በክብ ማሸት ነው። ሲያበቃ በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ፥ አራግፎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እርጥቡን በሣጥን ቢዘጉበት ይሻግታል። ብሩሽም ሆነ ምላጭ ለየሰው ለየራሱ ይሁን።

በመስቀል ዋዜማ አያቴን ላጨኋቸው። ብሩሹን በእጃቸው ዳሰሱና «ጠጕሩ እንግዳ ነው፤ እጀታው ግን የኔው ነው» ብለው መረቁኝ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ከአባቶቻችን የተረፈልንን ዕቃ በንቀት አንጣል። ነገር ግን ከመጠቀማችን አስቀድሞ ከምን እንደ ተሠራና ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ። ትምህርት ቤት የምንመላለሰው መጠየቅን ለመልመድ ነውና።