የባዕድ ነጋዴ የንግድ ምልክት በአገራችን ሕግ ፊት

የንግድ ምልክት ማለት አንድ ነጋዴ ዕቃውን ከሌላው ነጋዴ ዕቃ የሚለይበት ስም፣ ሥዕል ወይም ማኅተም ነው። ፊደል ላልቆጠረ ገዢ ደግሞ ሥዕሉ ከጽሑፉ ይበልጥበታል። አቡጀዲን ለምሳሌ እንውሰድ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአሜሪካ፣ በጣልያን ወረራ ዋዜማ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ይዞ ነበር። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከጅቡቲ የሚመጣው ሸቀጥ በአቃቂ ጣቢያ በኩል ያልፍ ነበር። ታዲያ አንዱ የሌላውን ማኅተም አስመስሎ ቢያትም ባለ ማኅተሙ ለማን አቤት ይል ነበር?

፩ኛ/ በውል ዘመን። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮውስኪ ውል ፈረንሳዮችን በቆንስላቸው ዳኝነት ሥር ያደርግ ነበር። ከኢትዮጵያዊ ጋር በሚነሣ ክርክርም የሚሠራበት ሕግ የተከሳሹ ሕግ ነበረ። ስለዚህ የምልክቱ ዕጣ ባመዛኙ በአስመሳዩ ዜግነት ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት እንችላለን። በ1875 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የኢንዱስትሪ ንብረት ስምምነትም አይረዳውም ነበር፤ ኢትዮጵያ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አባል አልነበረችምና።

፪ኛ/ በንግድ ሕጉ። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የንግድ ሕግ ስለ ምልክት ምዝገባ ዝርዝር ደንብ አላወጣም። ነገር ግን በቁጥር 133 ለቅን የንግድ ልማድ ተቃራኒ የሆነ ውድድር ጥፋት ነው አለ፤ ደንበኞችን የሚያሳስት ድርጊትም በዚሁ ውስጥ ይገባል። በተግባርም ነጋዴዎች ምልክታቸውን በሚኒስቴሩ ዘንድ ያስቀምጡ፣ በጋዜጣም የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ይህ ግን ማስታወቂያ እንጂ የባለቤትነት ማረጋገጫ አልነበረም።

ለምሳሌ አንድ የውጭ አገር ነጋዴ የግመል ሥዕል ያለበት አቡጀዲ በአቃቂ ገበያ ይሸጣል እንበል። ሌላው ፊቱን ወደ ግራ ያዞረ ግመል አትሞ በርካሽ ቢያቀርብ፣ ዳኛው ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነት መቍጠር አይበቃውም። ጥያቄው ተራው ገዢ ይሳሳታል ወይስ አይሳሳትም ነው። ይህንንም የሚያስረዳው ከሳሹ ነው። ከረታ ካሣ ያገኝ ነበር፤ በዚያ ሕግ ቁጥር 134 መሠረትም ድርጊቱ እንዲቆም፣ ስሕተቱን የሚያርም ማስታወቂያ በተረቺው ወጪ እንዲወጣ ሊታዘዝለት ይችል ነበር።

እንግዲህ ሕጉ የጠበቀው ከሥዕሉ ይልቅ የገዢውን እምነት ነው። ይህም የባዕድ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአቃቂ ሲቋቋም፣ ለባዕዱ ማኅተም የተባለው ሁሉ ለአገር ውስጥ ማኅተምም የሚያስፈልግ ሆነ።

፫ኛ/ በምዝገባ ሕግ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 501 ባለቤትነትን ከምዝገባ ጋር አያያዘ። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም። ከአገር ውጭ ያለ አመልካች በወኪል ይቀርባል። በዚህ ረገድ የማስረዳቱ ሸክም ቀሏል።

ነገር ግን ለወኪልና ለጠበቃ የሚከፍለው ትልቁ ኩባንያ ነው። የአቃቂ ሸማኔና ባለ ትንሽ ወፍጮስ ስማቸውን በምን ያስጠብቁ? በአስመሳይ ዕቃ የተታለለችው ገዢስ? ባለ ምልክቱ ካልከሰሰ የእርሷ ጕዳት ወደ ችሎት ላይደርስ ይችላል። የሕግ ተማሪዎች ስለ ንግድ ምልክት ስንከራከር፣ ከባለ ማኅተሙ አጠገብ እርሷንም እናስብ።