ወጣቶችን ከሱስ የሚጠብቅ ኅብረትና የመረጃ አሰባሰብ

ከማንበባችሁ በፊት፦ በምትኖሩበት አካባቢ ወጣቶችን ከሱስ ለመጠበቅ የሚጥሩ እነማን ናቸው? የሚሠሩት ለየብቻቸው ነው ወይስ ተባብረው? በቃል ከተወያያችሁ በኋላ ምንባቡን በጽሞና አንብቡ።

ወጣቶች ወደ ሲጋራ፣ ወደ መጠጥ፣ ወደ ጫትና ወደ ልዩ ልዩ አደንዛዥ ዕፆች እንዳይሳቡ ወላጅ በቤቱ፣ መምህር በክፍሉ፣ የሃይማኖት አባትም በቤተ እምነቱ ይመክራል። ይሁን እንጂ ሁሉም በየፊናው ስለሚደክም አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቀውም። እነዚህ ወገኖች ከጤና ባለሙያና ከፖሊስ፣ ከእድርና ከቀበሌ፣ እንዲሁም ከወጣቶቹ ከራሳቸው ጋር በአንድነት ተቀምጠው ዕቅድ ሲያወጡና ሥራ ሲከፋፈሉ የማኅበረሰብ ኅብረት ተመሠረተ ይባላል። ኅብረቱ ግን በጎ ፈቃድን ብቻ ይዞ ቢነሣ ብዙ አይራመድም። ወጣቱ በስንት ዓመቱ እንደሚጀምር፣ የትና ከማን ጋር እንደሚያመሽ በቅድሚያ ማወቅ ይኖርበታል። ይህን ጉዳይ ከአንድ ሩቅ አገር ታሪክ እንመልከት።

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ፣ የሕዝቧ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት የዚህች አገር ወጣቶች በመጠጥ ብዛት ከአውሮፓ ወጣቶች መካከል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሱ ነበር። ዓርብ ሌሊት በዋና ከተማዋ በሬይኪያቪክ መንገዶች ላይ የሰከሩ ልጆች በብዛት ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዕድሜያቸው 15 እና 16 ዓመት ከሆኑት ተማሪዎች መካከል 42 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደነበር ተናግረዋል። በየቀኑ ሲጋራ የሚያጨሱት ደግሞ 23 በመቶ ነበሩ።

ለመሆኑ ልጆቹ ይህን የመሰለ ምስጢር እንዴት አወጡ? ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለሚማሩ ወጣቶች የጽሑፍ መጠይቅ ይታደል ጀመር። በመጠይቁ ላይ ስም አይጻፍም ነበር። ማንም ማንነቱ እንደማይታወቅበት ስለተረዳ የመዋሸት ምክንያት አልነበረውም። ከዚህም በላይ መጠይቁ ስለ መጠጥና ስለ ሲጋራ ብቻ የሚጠይቅ አልነበረም። ከወላጆችህ ጋር ምን ያህል ጊዜ ታሳልፋለህ? ማታ እስከ ስንት ሰዓት ውጭ ትቆያለህ? ስፖርት ትሠራለህን? በትምህርት ቤትስ የሚያስብልህ ሰው አለን? የሚሉ ጥያቄዎችም ነበሩበት። መልሱ ተሰብስቦ ሲመረመር ከወላጆቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ የሚያሳልፉት፣ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ በስፖርት ወይም በሌላ በተደራጀ እንቅስቃሴ የሚሳተፉትና ማታ ውጭ የማይቆዩት ልጆች ከመጠጥም ሆነ ከሲጋራ የራቁ ሆነው ተገኙ።

ቀጥሎ የተደረገው ነገር በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይበልጣል። ውጤቱ በመዝገብ ቤት ተቆልፎበት አልቀረም፤ ለየአካባቢውና ለየትምህርት ቤቱ የራሱ ውጤት ብዙ ሳይቆይ ተመለሰለት። ስለ አገር በጠቅላላ የሚነገረውን ቁጥር የሰማ ወላጅ «ይህ የሰው ልጅ ነገር ነው» ሊል ይችላል። የልጁን ትምህርት ቤት ውጤት ሲያይ ግን እንዲህ ለማለት ይቸገራል። ስለዚህም ወላጆች ልጆቻቸውን ማታ ከቤት ላለማውጣት እርስ በርሳቸው በጽሑፍ ተስማሙ፤ በዕረፍት ቀናት ማታ ማታም በቡድን ሆነው በየሠፈሩ ይዘዋወሩ ጀመር። በሕግም ረገድ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በክረምት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለ አዋቂ በውጭ እንዳይገኙ ተደነገገ። (ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለሥነ ጥበብ ትምህርት መንግሥት ገንዘብ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የሰከሩት ወደ 5 በመቶ፣ በየቀኑ የሚያጨሱት ወደ 3 በመቶ ዝቅ አሉ።

በዚያው ዘመን በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም የወጣቶች መጠጥ ቀንሷል። በመሆኑም ለውጡ በሙሉ በኅብረቱ ሥራ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። መረጃ የሚሰበስብ ሰው የሚወደውን ነገር ብቻ ሳይሆን የሚጠራጠርበትንም መጻፍ ይገባዋል።

አሁን ወደ አካባቢያችሁ እንመለስ። መረጃ በመጠይቅ፣ በቃለ መጠይቅና በዓይን በማየት ይሰበሰባል። «ጫት መቃም መጥፎ መሆኑን አታውቅምን?» የሚለው ተግሣጽ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ጫት ቅመህ ወይም ቅመሽ ነበርን?» የሚለው ግን፣ ስም በማይጻፍበት ወረቀት ላይ ከቀረበ፣ እውነተኛ መልስ ሊያገኝ ይችላል። በጓደኞች ፊት በቃል ቢጠየቅ ግን የሚገኘው ወይ ውሸት ወይ ጠብ ነው። በዓይን ለማየትም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የአልኮል መጠጥም ሆነ ሲጋራ መሸጥ የተከለከለ መሆኑን አስታውሳችሁ በትምህርት ቤታችሁ ዙሪያ እነዚህ የሚሸጡባቸውን ቤቶች ቁጠሩ። ቤቶቹን ቁጠሩ እንጂ ባለቤቶቹን አትክሰሱ፤ ያ የእናንተ ሥራ አይደለም።

ቃለ መጠይቅ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚከተለው ለምሳሌ ያህል የተዘጋጀ ነው። አንዲት ተማሪ የአንድን እድር ሊቀ መንበር ትጠይቃለች።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ኅብረቱ ወጣቶችን ከሱስ ለመጠበቅ ምን እንደሠራ ይነግሩኛል?

ሊቀ መንበር፦ እንዴታ ልጄ! ብዙ መክረናል፤ ብዙም ገሥጸናል።

ተማሪ፦ ምክሩ የተሰጠው መቼ ነበር? ስንት ጊዜስ?

ሊቀ መንበር፦ ሁለት ጊዜ ነው የተሰበሰብነው። አንዱ በመስከረም፣ አንዱ ከጥምቀት በኋላ።

ተማሪ፦ በስብሰባው ላይ እነማን ተገኙ?

ሊቀ መንበር፦ እኛ ሽማግሌዎቹ፣ ወላጆች፣ ርእሰ መምህሩ፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ነበረች።

ተማሪ፦ ከወጣቶቹስ የመጣ ነበረ?

ሊቀ መንበር፦ (ጥቂት ዝም ብለው) የለም። የጠራቸውም የለም።

ተማሪዋ በመጀመሪያው መልስ ረክታ ደብተሯን ብታጥፍ ኖሮ «ኅብረቱ ብዙ መክሯል» ብላ ጽፋ ትመለስ ነበር።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አኳኋን ፍቱ፦ በየፊናው፣ በግንባር ቀደምትነት፣ ተደነገገ፣ ተግሣጽ።

ለ. የአይስላንድ ውጤት ለየትምህርት ቤቱ ለብቻው ባይመለስ ኖሮ የወላጆች አድራጎት ምን ሊሆን ይችል ነበር? ምክንያት በመስጠት አስረዱ።

ሐ. ተማሪዋ ከሊቀ መንበሩ የመጨረሻ መልስ በኋላ ልታቀርብላቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎችን በአክብሮት አነጋገር ጻፉ።