የቤት ሰርቨር፦ አያያዙና ብልሽት የመፈለጊያ ሥርዓቱ

ሰርቨር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በባንክ ሕንፃ ውስጥ፣ በቀዝቃዛ ክፍል የተደረደሩ ትላልቅ መሣሪያዎችን ነው። ነገር ግን ሰርቨር ማለት ሌሎች ኮምፒውተሮች ለሚያቀርቡለት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር ማለት ነው። ከቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተርና ሁለት ኬብል ያለው ቤተሰብ በሳሎኑ ጥግ ሰርቨር ሊያቆም ይችላል። የቤተሰቡን ፎቶግራፎችና ሰነዶች በአንድ ቦታ ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም የሚነበብ ዊኪፔዲያ ይይዛል፤ ለተማሪው ደግሞ የኔትወርክ ትምህርት መለማመጃ ይሆናል።

በዚህ ትምህርት ስለ ማቋቋሙ በአጭሩ፣ ብልሽት ስለ መፈለግ ግን በሰፊው እንመለከታለን። ሰርቨር ማቋቋም መመሪያ ተከትሎ የሚሠራ ነው። ሙያው የሚለየው አልሠራም ያለ ነገር ለምን እንዳልሠራ በቅደም ተከተል መጠየቅ በመቻል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮችና ወጪያቸው

እዚህ ናይሮቢ በሉቱሊ ጎዳናና በአካባቢው ባሉ ሱቆች ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ይሸጣሉ። ለጀማሪ አነስተኛ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከ8 ጊጋባይት ሚሞሪ ጋር ይበቃል። በላዩ የሚጫነው ሊኑክስ ነው፤ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ በነፃ ይገኛሉ።

ወላጆች አስቀድመው የሚጠይቁት የኤሌክትሪክ ወጪውን ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። 20 ዋት የሚወስድ ትንሽ ኮምፒውተር ቀንና ሌሊት ቢሠራ 20 × 24 = 480 ዋት ሰዓት በቀን፣ በ30 ቀን ደግሞ 14.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህን በቤታችሁ የኤሌክትሪክ ታሪፍ አባዙት። ከኩባንያ የወጣ፣ በርካሽ የተገኘ ትልቅ ሰርቨር ግን 200 ዋት የሚወስድ ከሆነ በወር 144 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የዕቃው ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የመብራቱ ግን በየወሩ ነው።

ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ ያስፈልጋል። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹን ብቻ እንጠቀማለን ብንል፣ ሰርቨሩና ራውተሩ በድምሩ 30 ዋት ቢወስዱ 84 ደቂቃ ያህል ያቆየናል። ይህ ጊዜ ሰርቨሩን በሥርዓት ለመዝጋት ከበቂ በላይ ነው። ባትሪው በዓመታት ውስጥ ስለሚደክም ግን በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

አድራሻና ደብተር

በቤት ኔትወርክ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ አይፒ አድራሻ አለው። ራውተሩ ለምሳሌ 192.168.1.1 ቢሆን ለስልኮችና ለላፕቶፖች ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ያሉትን ራሱ ያድላቸው። ይህን የማደል ሥራ ዲኤችሲፒ ይሉታል። ሰርቨሩ ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መገኘት ስላለበት ከዚያ ክልል ውጭ 192.168.1.10 ይሰጠው።

ቀጥሎ አንድ ደብተር ያዙ። የእያንዳንዱን መሣሪያ ስምና አድራሻ፣ የተጫነውን ፕሮግራም፣ የተደረገውን ለውጥ ከነቀኑ ጻፉበት። የይለፍ ቃል ግን በዚህ ደብተር ላይ አይጻፍ።

ብልሽት ሲያጋጥም፦ ከታች ወደ ላይ

ምንም ከመነካቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ። ችግሩ የአንድ ሰው ነው ወይስ የቤቱ ሁሉ? ሲሠራ ከቆየስ ከዚያ ወዲህ ምን ተቀየረ? እናት ስልክ ላይ የሚሠራ ነገር የእናንተ ላፕቶፕ ላይ እምቢ ካለ ሰርቨሩን መፍታት አያስፈልግም። ከዚያ በሚከተለው ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ኤሌክትሪክ። መሣሪያው በርቷል? ሶኬቱ ይሠራል?
2. ኬብል። ኬብሉ በሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት በርታለች? ካልበራች ኬብሉን ቀይሩ ወይም በሌላ ቀዳዳ ሞክሩ።
3. አድራሻ። ኮምፒውተሩ ምን አድራሻ አለው? በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚያድለውን አላገኘም ማለት ነው።
4. መንገድ። ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ከዚያ ሰርቨሩን፣ ከዚያ በውጭ ያለውን 8.8.8.8 ጥሩ። መልሱ የት ላይ እንደ ቀረ ችግሩ ያለበትን ወገን ያመለክታል።
5. ስም። 8.8.8.8 መልስ ሰጥቶ በስም የተጠራ ድረ ገጽ ካልተከፈተ፣ መንገዱ ደኅና ነው፤ ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠው ዲኤንኤስ ነው የሚመረመረው።
6. አገልግሎት። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ብቻ ወደ ፕሮግራሙ ሂዱ። ሥራ ላይ ነው? ዲስኩ ሞልቷል?

ከታች የምንጀምረው የላይኛው በታችኛው ላይ ስለሚቆም ነው። ኬብሉ የተቆረጠበት ሰው ፕሮግራሙን አሥር ጊዜ ቢጭን ጊዜውን ብቻ ያጠፋል።

ሌላው ሕግ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ካልረዳም ወደ ነበረበት መልሱት። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ቀይራችሁ ቢሠራላችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፤ ሲደገምም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ሦስት ምሳሌዎች

አንደኛ፣ ፋይል ቅጂው ዘገየ። 10 ጊጋባይት ፋይል በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ኬብል ቢያንስ 80 ሴኮንድ ይፈጃል። 13 ደቂቃ ከፈጀ ፍጥነቱ ወደ 100 ወርዷል ብላችሁ ጠርጥሩ። በኬብሉ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተጠምዝዘው አሉ። 1000 ሜጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፤ ለ100 ግን ሁለት ጥንድ ይበቃል። ስለዚህ አንድ ሽቦ ሲበጠስ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ሊዘገይ ይችላል። መፍትሔው ኬብሉን ወይም የጫፉን ማያያዣ መቀየር ነው።

ሁለተኛ፣ የቤቱ ኢንተርኔት ለአንዱ ሲሠራ ለሌላው ይጠፋል። ዋይፋይ ለማስፋት አሮጌ ራውተር ሲጨመር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ ያድላሉ፤ ከአዲሱ መጤ የተቀበለ ስልክ መውጫ መንገድ ያጣል። ምልክቱ በማይሠራው ስልክ ላይ መውጫው ከ192.168.1.1 የተለየ ሆኖ መገኘቱ ነው። በሁለተኛው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒውን አጥፉና ከሌላው ጋር የማይጋጭ አድራሻ ስጡት።

ሦስተኛ፣ ስሙ በአማርኛ የተጻፈ ፋይል ወደ ሰርቨሩ አልገለበጥም አለ። ፊደላችን በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ የአማርኛ ስም በራሱ ችግር አይደለም። ነገር ግን ሊኑክስ በብዛት የሚጠቀምበት የዲስክ አደረጃጀት ለአንድ ፋይል ስም 255 ባይት ብቻ ይፈቅዳል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 255 ለ3 ሲካፈል 85 ነው። ዊንዶውስ የተቀበለው ረጅም ስም ሰርቨሩ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ስሙን አሳጥሩት።

የሰርቨሩን ሰዓት ማንበብ

ሰርቨሩ የሚያጋጥመውን ሁሉ ሎግ በሚባል መዝገብ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ የሚመዘገበው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ አቆጣጠር ነው። መዝገቡ 22:10 ላይ ጠፋሁ ካለ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ 3 ሰዓት ሲጨመር 1:10 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ10 ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ይህን ስሌት ለክፍል ጓደኞቻችሁ ማስረዳት አይከብድም። ሰዓቱን ሳያስተካክሉ «መብራት የጠፋው መቼ ነበር?» ብሎ ማመሳከር ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ይወስዳል።

ቅጂ የሌለው ነገር አይነካ

ለመለማመድ ሲባል ሰርቨር ይፈታል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጫናል። የአያቶቻችን ፎቶግራፍ ግን እንደገና አይጫንም። ስለዚህ የታወቀውን ደንብ ያዙ፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ ከእነዚህም 1 ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ የሚቀመጠው በዘመድ ቤት ያለ፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ነገር እንዲይዙ የሚያደርገው ሬይድ አንዱ ዲስክ ሲሞት ይጠቅማል፤ በስሕተት የጠፋ ፋይል ግን ከሁለቱም እኩል ይጠፋልና ቅጂ ተብሎ አይቆጠርም። በየሦስት ወሩ አንድ ፋይል ከቅጂው መልሳችሁ ክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ገና ተስፋ ነው።

ለጥንቃቄ፦ የኮምፒውተሩን ፓወር ሰፕላይ ሣጥን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል። ሰርቨሩንም ከውጭ ኢንተርኔት በቀጥታ እንዲገባበት አትክፈቱት። የቤቱን ኢንተርኔት የሚያቋርጥ ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት ቤተሰቡን አስፈቅዱ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. 35 ዋት የሚወስድ ሰርቨር በ30 ቀን ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል?
2. ላፕቶፓችሁ ራውተሩን ፒንግ ሲያደርግ መልስ ያገኛል፤ 8.8.8.8 ግን አይመልስም። ችግሩ በየትኛው ወገን ነው? ቀጥሎ ምን ትመረምራላችሁ?
3. የሰርቨሩ መዝገብ በዩቲሲ 04:30 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ነው?
4. ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ፣ በቤታችሁ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸውን ፋይሎች ዝርዝር ጻፉ።